መጀመሪያ ውኃው ይጥራ፦ የወይዘሮ ፋና ቦልቴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፋና ከአባታቸው ከአቶ ቦልቴ ጦና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግሥቲ ሳና በ1965 ዓ.ም. በሁምቦ ወረዳ፣ ተበላ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተበላ፣ ሁለተኛ ደረጃን በወላይታ ሶዶ ተከታትለዋል።

በ1977 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው ሰገነት ከወንዝ በተቀዳ ውኃ ታማ ዐረፈች። አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ነበሩና ሐዘኑ ከልባቸው አልወጣም። ኬሚስትሪ የተማሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1987 ዓ.ም. ተመርቀው በዳልባ ከተማ ውኃ ማጣሪያ ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኑ። በ1990 ዓ.ም. ከአቶ በኃይሉ ላቀው ጋር ጋብቻ መሥርተው ባሮክንና ሃይማኖትን አፍርተዋል። ከሶዶ ዳልባ በሚኒባስ ሲመላለሱ ኖሩ። አቶ በኃይሉም ሚስቴን ከቧንቧ ጋር ተካፍዬ አገባሁ እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ወደ አዲስ አበባ የላኩት የውኃ ናሙና ውጤት ዕረፍት ነሳቸው። ተሕዋስያንን ለመግደል ውኃው ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ጎርፍ ካመጣው የቅጠልና የአፈር ብስባሽ ጋር ሲገናኝ፣ ለረጅም ዘመን ቢጠጣ ለጤና የሚያሰጋ ውሁድ ይፈጥር ነበር። እህቴን ያድንልኝ ነበር ብለው ያመኑበት መድኃኒት የራሱን ጣጣ ማምጣቱ እጅግ አሳዘናቸው። ክሎሪኑ ይቀነስ ሲባል ግን እሺ አላሉም፤ መጀመሪያ ውኃው ይጥራ፣ ክሎሪኑ ከዚያ ይግባ አሉ። ማጥለያ ገንዳ እንዲሠራም ዓመታት ደጅ ጠኑ።

ለቅሶ ቤት እንኳ ሲደርሱ ከድንኳኑ በፊት የሚያዩት የውኃውን በርሜል ነበር። የእድር ወጣቶች አንዱ ለሌላው ሳይነግር ክሎሪን ይደራርባሉና፣ ድፍርሱ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ አንድ ሰው ብቻ እንዲጨምር አስተምረዋል። መጀመሪያ የተቀየማቸው ነበር። ኋላ ግን እሳቸውን ሳይጠራ በርሜል የሚሞላ ጠፋ።

ገንዳው ባለፈው ሰኔ ሲጠናቀቅ በልብ ሕመም ኦቶና ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ልጃቸው ሃይማኖት ከዳልባ ቧንቧ በጠርሙስ ቀድታ አመጣችላቸው። አሸተቱት፤ ቀመሱት። ሰገነት በቀመሰችው ብለው አለቀሱ።

ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን ወንድሞቻቸውን ትተውን ሄደዋል። ገና ከአሁኑ ናፍቀውናል። ነጭ ጋዋናቸው ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። አቶ በኃይሉ ማንም እንዳያጥበው ብለዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጥማት በሌለበት ያሳርፍልን፤ ያንን ጋዋን እያሸተትን ለምናለቅስ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።