ሰነፉ ድስትና የለቅሶ ቤት ተራ

«ከአቶ ደግሰው ምስክር ቤት ለለቅሶ የመጣው ወጥ በኤሌክትሪክ ድስት የተሠራና ያልበሰለ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከእንግዲህ በዚህ ድስት ተሠርቶ የሚመጣ ምግብ ተቀባይነት የለውም። የቤቱ እመቤት ወ/ሮ ፀሐይቱ በተራቸው ቀን ራሳቸው ተገኝተው ካልሠሩ ተራው እንደጎደለ ይቆጠራል። ሦስት ተራ የጎደለበት ቤት ከእድሩ ይሰረዛል። ወንድ የሠራው ወጥ አይመዘገብም።»

(ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. በእድራችን ዕቃ ቤት በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ቃል በቃል የተገለበጠ)

ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.
ላሊበላ

ለሠፈራችን እድር የምግብ ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክብርት ወ/ሮ ባንችይርጋ

ክብርት ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ክረምቱን ሙሉ ያስቸገረዎት የጉልበት ሕመም እንደተሻለዎት ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንዲያውም ማስታወቂያውን ከበሩ አናት ላይ ለመለጠፍ በርጩማ ላይ መውጣትዎን ያዩ ሰዎች ሲነግሩኝ፣ ጉልበትዎ ፈጽሞ መዳኑን ተረድቼ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ከፍ አድርገው ስለ ለጠፉትም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ዝቅ ቢል ኖሮ ፍየል ይበላው ነበር፤ አሁን ግን ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ቀና ብሎ ስሜን እያነበበ ያልፋል። በዚህ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ስሜ እንዲህ ታውቆ አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን ስለምለጥፈው፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ ፀሐይቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሐምሌ ወር ጀምሮ ኩልመስክ ከተማ ጤና ጣቢያ የእናቶች ክፍል ኃላፊ ሆና በጊዜያዊነት ተመድባለች፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ትሄዳለች፣ ዓርብ ማታ ትመለሳለች። ይህን ኃላፊነት አሥራ አራት ዓመት ጠብቃዋለች። ሲሰጧት ግን ወዲያው እሺ አላለችም። «አንተና እምነት ምን ትበላላችሁ? የእድሩስ ተራ ሲደርስ?» አለችኝ። እምነት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃችን ናት። እኔም በተማርሁት ትምህርት ታምኜ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ «ወጥ ማለት ሙቀትና ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም በቁጥር አውቃቸዋለሁ» ብዬ መለስሁላት። ክብርት ሆይ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይያዙልኝ፤ በዚህ ጉዳይ ከተጻፈውና ከተነገረው ሁሉ የከፋችው እሷ ናት፤ ከእርስዎ ማስታወቂያ እንኳ ትብሳለች።

ከዚያም እንግዳ የጠፋበት አንድ ሆቴል የወጥ ቤት ዕቃውን ሲሸጥ፣ ቀኑን ሙሉ በኤሌክትሪክ ቀስ እያለ የሚያበስል ድስት ገዛሁ። ሠፈሩ «ሰነፉ ድስት» የሚል ስም አውጥቶለታል። ከድስቱ ጋር አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረ፤ ርእሱ ሲተረጎም «ሥራ ለሚበዛባቸው ቤተሰቦች ቀላል የሥራ ቀን እራቶች» ይላል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ጠዋት ሁሉንም ጥሬውን አንድ ላይ ይጨምሩ፣ ይክደኑ፣ አይክፈቱ፣ ማታ ሲመለሱ እራትዎ ደርሶ ይጠብቅዎታል። ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ቢያመጣልኝ ማስረጃህ የት አለ እለው ነበር። መጽሐፍ ሲለኝ ግን አመንሁ።

መሪጌታ ወልደ ኪዳን ባረፉ በማግስቱ፣ ረቡዕ ጥቅምት 19፣ ለለቅሶ ቤቱ ማታ ወጥ የማቅረብ ተራ የእኛ ሆነ። ማስታወቂያዎ የተወለደው በዚያ ማታ ነው። አሁን ወደ ነጥቦቹ እገባለሁ።

1. «ያልበሰለ» ስለመባሉ። እውነት ነው። እንዲያውም ቃሉ ስለለዘበ አመሰግናለሁ። የአተር ክኩን፣ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውንና ዘይቱን መጽሐፉ እንዳዘዘው ጥሬውን ከትቼ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ እያፏጨሁ ወደ ትምህርት ቤት ሄድሁ። መብራት ከረፋዱ አራት ሰዓት ጠፍቶ ስምንት ሰዓት ላይ መመለሱን ያወቅሁት ማታ ነው። ይህን ግን ማመኻኛ አላደርገውም፤ ምክንያቱም መብራት ባይጠፋም መጽሐፉ ለማብሰያ የመደበው የስምንት ሰዓት ርዝመት የተቆጠረው በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። ላሊበላ ላይ፣ በሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከፍታ፣ ውኃ የሚፈላው ገና ዘጠና ሁለት ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ክክ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ይህንን በየዓመቱ፣ በመጀመሪያው መንፈቅ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስተምረው እኔ ነኝ። የተሳሳተ ተማሪ ነጥብ እቀንስበታለሁ።

በድንኳኑ ውስጥ ሰው በሐዘን ዝም ብሎ ስለሚበላ፣ ክኩ ሲቆረጠም ከዳር እስከ ዳር ይሰማ ነበር። አንድ አባት ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ ይህ ጠጠር ነው ወይስ ክክ? ጠጠር ከሆነ ልትፋው» አሉኝ። ክክ ነው አልኋቸው። «እንግዲህ ስለ ነፍሳቸው ብዬ እውጠዋለሁ» ብለው ዋጡት። ልጄ እምነት ደግሞ ቤት ስንመለስ የተረፈውን አንድ ጊዜ ቀምሳ፣ «አባዬ፣ ይህ ክክ ማካካሻ ትምህርት ያስፈልገዋል» አለች። ኮሚቴው ከእሷ የተሻለ የባለሙያ አስተያየት የሚያገኝ አይመስለኝም።

2. ስለ ሶኬቱ። ይህን ማስታወቂያው አልጠቀሰውም፤ ስለ ጨዋነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይሁን እንጂ ደብዳቤዬ ሙሉ እንዲሆን ራሴ እናዘዛለሁ። ድስቱን ከነገመዱ፣ ገመዱን እንደ ጥጃ እየጎተትሁ፣ በሠፈሩ መሐል ተሸክሜው መጣሁ። ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ብዬም ድንኳኑ ጥግ ያገኘሁትን ሶኬት ነቅዬ የድስቴን ሰካሁ። የነቀልሁት የድምፅ ማጉያው ነበር። ሐዘንተኛውን የሚያጽናኑት አባት «ሞት ማለት…» እንዳሉ ተቋረጡ፤ ሞት ምን ማለት እንደሆነም እስከ ዛሬ በሠፈራችን አልታወቀም።

3. «በኤሌክትሪክ» ስለመሠራቱ። የእርስዎም እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንደሚጋገር ጭስ አይቶ የማያውቀው የወጥ ቤትዎ ቆርቆሮ ይመሰክራል። ከዚህ በላይ አልልም።

4. «የቤቱ እመቤት ራሳቸው ተገኝተው ካልሠሩ» ስለሚለው። እስካሁን የጻፍሁት ስለ ክክ ነበር፤ ይህ ግን ስለ ክክ አይደለም። ማስታወቂያውን አንድ በጎ አድራጊ በስልክ ፎቶ አንሥቶ በዚያው ቀን ኩልመስክ አድርሶላታል። ማታ ስትደውልልኝ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እናቴን የቀበረልኝ እድር ነው፤ ከእሱ ወጥቼ ሹመት ምን ያደርግልኛል? ይቅር፣ እመለሳለሁ» ብቻ አለች። ቋሚ ምደባውን መቀበሏን ወይም መተዋን በጽሑፍ የምታሳውቀው ሰኞ ኅዳር 15 ነው። እንግዲህ በእኔ አንድ ድስት ክክ ምክንያት አሥራ አራት ዓመት የተጠበቀ ወንበር ባዶ ሊቀር ነው። ስሕተቱ የእኔ፣ ቅጣቱ የእሷ። እንዲህ ያለ ፍርድ እኔ እንኳ ክፍል ውስጥ ሰጥቼ አላውቅም፤ ተማሪዎቼ ደግሞ ጨካኝ እንደሆንሁ ይነግሩዎታል።

በዚህ እድር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድንኳን ተክያለሁ፣ መቃብር ቆፍሬአለሁ፣ አግዳሚ ተሸክሜአለሁ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ «ወ/ሮ ፀሐይቱ ራሳቸው ተገኝተው ካስማ ካልመቱ ተራው እንደጎደለ ይቆጠራል» የሚል ማስታወቂያ በዚያ በር ላይ አላየሁም። ምናልባት ዝቅ ብሎ ተለጥፎ ፍየል በልቶት ይሆናል።

5. አምስተኛውን ነጥብ አቤቱታ ለማድረግ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ሌላ ነገር ሆነብኝና እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ከሰባተኛው ቀን በኋላ የሟቹ ባለቤት ወ/ሮ ወለተ ሩፋኤል አስጠሩኝ። ይቅርታ የምጠይቅበትን ንግግር በቃሌ አጥንቼ ሄድሁ፤ ለመጀመር እንኳ አልፈቀዱልኝም። «አንተ ደግሰው፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳቅሁት፤ በአንተ ክክ ነው። ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ስንቀጠቀጥ፣ ያለቀስሁ መስሏቸው ከግራ ከቀኝ ያዙኝ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን አኮስትረው መረመሩኝ። ሽንኩርቱን አቁላልተኸዋል? አላቁላላሁም። በርበሬውን አብስለኸዋል? ጥሬውን ከተትሁት። «መጽሐፍህ ላይ ቁሌት የለም?» የለም አልኋቸው። «ታዲያ ምኑን ጻፈው?»

ጥቁር እንደ ለበሱ ወደ ወጥ ቤት ይዘውኝ ገቡ። አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገባቸው አቁመው ሽንኩርት አስቆሉኝ፤ ለማስቆም በሞከርሁ ቁጥር «ገና ነው» እያሉ። ወጥ ማለት ሙቀትና ጊዜ ብቻ አለመሆኑን፣ ሦስተኛ ነገር መኖሩንና እሱም አጠገብ ቆሞ ማማሰል መሆኑን በሃምሳ አራት ዓመቴ ተማርሁ። ስወጣ፣ «መሪጌታ ወጥ ሲያማስሉ ብታያቸው፣ እንዳንተው ነበሩ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ለለቅሶ ቤት ምግብ የሚወሰደው ለማጽናናት ከሆነ፣ የዚያ ማታ ወጤ በመዝገብዎ ላይ የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደሚገባ ለመወሰን አቅሙ የለኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ቁሌቱን አዘጋጃለሁ፣ ክኩን ውኃ ውስጥ አሳድራለሁ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰነፉን ድስት እሰካለሁ። መብራት ከጠፋ እምነት ለምሳ ስትመጣ ወደ ብረት ድስት ገልብጣ ከሰል ላይ ትጥደዋለች። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እራታችን ደርሶ ይቆያል፤ መጽሐፉ በመጨረሻ እውነቱን ተናገረ፣ ለዚህም አንዲት ባልቴት ማረም ነበረባቸው። ሚስቶቻቸው እንደኔዋ ሥራ የሚበዛባቸው ሁለት አስጎብኚዎችና አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሠራሩን በጽሑፍ ወስደዋል። ስማቸውን አልጠቅስም፤ በሩ ላይ ቦታ እየጠበበ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ። ለሶኬቱና ለክኩ ቅጣት ይገባኛል፤ በሚቀጥሉት ሁለት ለቅሶዎች የእድሩን ትልልቅ ድስቶች ሁሉ ብቻዬን አጥባለሁ። ወጤን ኮሚቴው ከመመዝገቡ በፊት ይቅመሰው፤ ካልበሰለ ይመልሰው፣ ከበሰለ ማን እንዳማሰለው አይጠይቅ። በተረኞች መዝገብ ላይም በባለቤቴ ስም ትይዩ፣ በወጥ ሠሪዎች ዓምድ፣ «ደግሰው ምስክር» ተብሎ ይጻፍልኝ። በዚህ መዝገብ መግባት ዩኒቨርሲቲ ከመግባት እንደሚከብድ ተረድቻለሁ፤ የመግቢያ ፈተናውን ግን አንድ ጊዜ ወድቄአለሁና ሁለተኛ ለመቀመጥ መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ውሳኔዎን ማኅተም ባረፈበት ጽሑፍ፣ እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። ዓርብ ኅዳር ሚካኤል በመሆኑ ጽሕፈት ቤት እንደማይከፈት አውቃለሁ፤ በዚያ ማታ ደግሞ ፀሐይቱ ከመኪና ስትወርድ የምሰጣት ወረቀት በእጄ መኖር አለበት። በቃል የሚነገር መልስ አልቀበልም። በቃል የተናገርሁት አንድ ዓረፍተ ነገር የት እንዳደረሰኝ ከላይ ተጽፏል።

ከወሰን የለሽ አክብሮት ጋር፣

የእድሩ አባል፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ካስማ መቺ፣ የአንድ ማታ ሶኬት ነቃይ፣
ያልተመዘገበው ወጥ ሠሪ

ደግሰው ምስክር

ማስታወሻ፦ ኮሚቴዎ የእኔን ድስት ጉዳይ ለመመርመር ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ በየማታው እያመሸ በመሰብሰቡ፣ ባለቤትዎ አቶ አዝመራው እራት ሳይበሉ ያድራሉ ብለው እንዳይጨነቁ። ሐሙስ፣ ሰኞና ዛሬ እኛ ቤት በልተዋል፤ ይህን ስጽፍም ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠዋል። የቀረበላቸው ወጥ ወንድ የሠራው መሆኑን የኮሚቴውን ደንብ ጠብቄ አስቀድሜ አስታውቄአቸዋለሁ። መልሳቸው «ጨምርልኝ» የሚል ነበር፤ በጽሑፍ ስላልሆነ ግን እንደ ማስረጃ አላያያዝሁትም።