ገና ያልተቀባ ግንባር

ውድ ወንድሜ ሃርካ፣

ልጅህ አሸነፈች! ሰላምታዬን ማስቀደም ሲገባኝ ብዕሬ ቀደመኝ። ጁኑ በአሥራ አንድ ድምፅ በልጣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆናለች።

ሴት እንደምታፈቅር፣ ከካልፓናም ጋር እንደምትኖር በአደባባይ በተናገረች ማግስት ቤትህን ቆልፈህ ወደ ካትማንዱ ስትሄድ፣ «ደግ አደረግህ» ብዬ የሸኘሁህ እኔ ነኝ። ያ ቃል ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከምርጫው በፊት ጎረቤቱ ሁሉ የድምፅ ወረቀት አስተጣጠፍ ሊማር በረንዳዬን ሞላው። ቀለሙ ሳይደርቅ ከታጠፈ የምንመታው ማኅተም በተፎካካሪዋ ምልክት፣ በደወሉ ላይም ያርፍና ድምፁ ይሰረዛል። ፉልማያ፣ ያቺ ምላሰኛ ባልቴት፣ በመለማመጃው ወረቀት ላይ የጁኑን ምልክት፣ ጃንጥላውን፣ ስትመታ አየሁ።

«እመት ፉልማያ፣ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ?»

«የኔታ፣ ያለፈው ሊቀመንበር ሁለት ሚስት ነበረው፤ ለቧንቧዬ ግን ጠብታ ውኃ አላመጣም። ይቺ አንዲት ሴት ወዳ፣ ምንጩን በእጇ ቆፍራ አጸዳችልን!»

ልብስ ሰፊው ሎክ ጣልቃ ገባ፤ «እኔስ ድምፄን እሰጣታለሁ፤ ልጄን ግን አልድርላትም።»

«ልጅህንማ ማን ጠየቀህ!» አለችው ፉልማያ።

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም።

በሻይ ቤት «አልመርጣትም» ብዬ የፎከርሁት እኔው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ማኅተሙን ጃንጥላው ላይ አሳረፍሁ። ሰው እንዳያየኝም ወረቀቱን ቸኩዬ አጠፍሁት።

ትናንት ቆጠራውን ስታዘብ ኃላፊው አንድ ወረቀት ብድግ አድርጎ፣ «ቀለሙ ደወሉም ላይ አርፏል፤ ይሰረዝ!» አለ። በአራት ታጥፎ ጠርዙ በጥፍር ተሰምሯል፤ በውትድርናህ ዘመን ከላክሁልህ ደብዳቤዎች የምታውቀው፣ ይህንንም ስትከፍት ያየኸው አስተጣጠፍ። ተማሪዎቼ አለፉ፤ መምህራቸው ወደቀ። በሕይወቴ እንዲህ ያስደሰተኝ ውድቀት የለም!

ሕዝቡ የአበባ ጉንጉን አጠለቀላት፤ ጉንጯን በቀይ ዱቄት አቀላው። ግንባሯን ግን በሻሿ ሸፍና ለማንም አልሰጠችም። እኔም ታላቅ ሰው ሲመርቅ ግንባር ላይ የሚቀባውን ቀይ ሩዝ በሳህን ይዤ ቀረብሁ።

«የኔታ፣ አይቀየሙኝ፤ ግንባሬ የአባቴ ነው። እጠብቀዋለሁ» አለችኝ።

ሃርካ፣ ዓርብ ቃለ መሐላ ትፈጽማለች። ይህን ደብዳቤ ያደረሰልህ የአውቶቡሳችን ሾፌር ነገ ማለዳ ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር ይዤልሃለሁ። ሩዙን በርጎ የምለውሰው እኔ ነኝ፤ የምትቀባት ግን አንተ ነህ። «ደግ አደረግህ» ያልሁህንም እዚያው በሕዝብ ፊት እሽራለሁ።

ድምፁ የተሰረዘበት ወንድምህ፣
ቴክናት