ቁሐር ሚካኤል አጠገብ ጎማዬ ሲፈነዳ ቆመው ስላስተማሩኝ

ለመንገድ ደኅንነት ግንዛቤ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያን ዕለት አብረውዎት የነበሩት ባልደረቦችዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የሚጓዙበት መኪና ጎማ አይተንፍስብዎ፣ መስኮቱ ሲወርድም ሲወጣም አያስቸግርዎ፣ እጅዎንም ግራሶ አይንካው። ስምዎን እዚህ ላይ ያላሰፈርሁት ዘንግቼው አይደለም። በከተማችን መናኸሪያ አጥር ላይ በተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ሥር በደማቅ ቀለም ስለተጻፈ፣ ደግሜ ብጽፈው ቀለም ማባከን ይሆንብኛል ብዬ ነው።

እኔ ከውሰር አብዱልአሊም እባላለሁ። በዚያው ፎቶ ላይ እርስዎ ጣትዎን ቀስረው ሲያስረዱ፣ ከእግርዎ ሥር ቁጢጥ ብላ የጎማ መፍቻ የያዘችው፣ ቀሚሷን ጭቃ የነካው ሴት ነኝ። «አንዲት አሽከርካሪ» ተብዬ ስለተጻፍሁ ነው ስሜን የነገርሁዎ። ወረታ ላይ ሳሙና፣ ሳፋ፣ ጀሪካንና የላስቲክ ጫማ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ዕቃዬን በአሮጌ ፒክአፕ ጭኜ ይፋግም አንበሳሜም እሄዳለሁ። መኪናዋ የባለቤቴ የመሐመድሰዒድ ነበረች። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የገበያውን ወሬ እነግረዋለሁ፤ ጎማ ሲተነፍስ እሱ ይፈታል፣ እኔ ድንጋይ ፈልጌ ከቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ እሸጉጣለሁ። እሱ በኩላሊት ሕመም ካረፈ ወዲህ መንዳቱንም፣ መፍታቱንም፣ ድንጋይ መሸጎጡንም ለብቻዬ ይዤዋለሁ። ድሮ እኔ እቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አሁን ካርቶን እጭንበታለሁ፤ ባዶውን ከማየው ይሻለኛል።

ይህን ሁሉ የምነግርዎ ጊዜዎን ልሻማ ብዬ ሳይሆን፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ለማቅረብ እንዲመቸኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቆሙልኝ አመሰግናለሁ። በጥቅምት መጀመሪያ ከአንበሳሜ ገበያ ስመለስ፣ ቁሐር ሚካኤል አጠገብ የቀኝ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ወቅቱን ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ፤ ዝናቡ ቢያቆምም ሜዳው ውኃውን ገና አልጨረሰም፣ ሩዙ እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሟል፣ የመንገዱ ዳር አፈርም እንደ ሊጥ ነው። መኪናዋን በተቻለኝ መጠን ከአስፋልቱ አወረድኋት። የእጅ ፍሬን ያዝሁ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ድንጋይ ሸጎጥሁ፣ ከኋላዬ ራቅ አድርጌ የባሕር ዛፍ ቅጠል አስፋልቱ ላይ ጣልሁ። ጎማው ገና መሬት እንደረገጠ ብሎኖቹን አላላሁ። ከዚያ በኋላ ክሪኩን ተክዬ ማዞር ስጀምር፣ መኪናዋ ወደ ላይ መነሣቷ ቀርቶ ክሪኩ ወደ ታች ገባ። ነቅዬ ሌላ ቦታ ተከልሁት፤ እዚያም ገባ። በዚህ መካከል ያለፈውን መኪና ሁሉ በእጄ ለመንሁ። አንዳንዱ ጥሩንባ ነፋልኝ፤ ሰላም ያልሁት መስሎት ይሆናል። የቆሙልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ነጩ መኪናዎ ገና ፍጥነቱን ሲቀንስ «አልሐምዱሊላህ» ማለቴን አልደብቅዎም።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። አንጸባራቂ ሰደርያ ከለበሱ ባልደረቦችዎ ጋር ወርደው «እኅቴ፣ ባለሦስት ማዕዘን ምልክትሽ የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። ቅጠሉን አሳየሁዎ። «ቅጠል ምልክት አይደለም፤ ፍየል ይበላዋል» አሉ፤ ባልደረቦችዎ ሳቁ፤ እኔም ለአክብሮት ያህል ፈገግ አልሁ። ስለ ምልክቱ ልክ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ገዝቻለሁ። ቀጥለው በራሪ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ «ክሪኩን ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ያስቀምጡ» ይላል። ግሩም ምክር ነው። በዚያ ሰዓት ከዚያ ሁሉ ሜዳ ጠንካራና ደልዳላ ሆኖ የታየኝ እርስዎ መኪናዎን ያቆሙበት አስፋልት ብቻ ስለነበረ፣ «ጌታዬ፣ ከክሪኩ ሥር የማነጥፈው ጣውላ ቢጤ አይኖራችሁም?» ብዬ ደፈርሁ። የመለሱልኝን ቃል እስካሁን ለብቻዬ ስሆን እደግመዋለሁ፤ ለብቻዬ የምሆንበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ነው። «እኛ የግንዛቤ ክፍል ነን፤ ድጋፍ የሚሰጠው ሌላ ክፍል ነው።»

ሦስተኛ፣ ስለ ፎቶው አመሰግናለሁ። ፎቶ አንሺዎ «ቀና በይ፣ መፍቻውን ያዥ» አለኝ፤ ያዝሁ። «የገባሽ ምሰይ» አለኝ፤ መሰልሁ። ከዚያ የመኪናችሁ በሮች ተዘጉ፣ መስኮቶቹ ወጡ፣ ሄዳችሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፎቶው ስለማያሳይ እኔ ልንገርዎ።

እናንተ እንደሄዳችሁ ሜዳው ጭር አለ። መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ቀሚሴን ይመታል፤ ካለፈ በኋላ የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ ይቀራል። ፀሐይዋ ወደ ጣና በኩል ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ክሪኩን ደግሜ ስተክል «ድንጋዩ ገብቷል፣ አንሣት» ብዬ ድምፄን አውጥቼ ተናገርሁ። ለመሐመድሰዒድ ነበር የተናገርሁት። የገዛ ድምፄን ስሰማው ክሪኩን ለቀቅሁት። ጭቃው ላይ ተቀመጥሁና፣ በቀብሩ ቀን ሰው ከቦኝ ሳለ ያላለቀስሁትን ለቅሶ ማንም በሌለበት አለቀስሁ።

ፎቶውን ጠጋ ብለው ቢያዩት፣ ከትከሻዎ በላይ በሩቁ ከብት የሚነዱ ሰው ይታያሉ። የቁሐር ሚካኤል ገበሬ አያ ገብረማርያም ናቸው። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ።

«ብቻሽን ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ሰው የለሽም?»

«ነበረኝ።»

ክሪኩ የገባበትን ጉድጓድ አዩና ከብቶቻቸውን እየነዱ ሄዱ። እሳቸውም እንደ ሌላው ሄዱ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ሳለ፣ ከበረታቸው መዝጊያ አንዱን ሳንቃ ነቅለው በትከሻቸው ተሸክመው ተመለሱ። ሳንቃውን አነጠፍን፣ ክሪኩን ከላዩ ተከልን፣ አዞርሁ፤ መኪናዋ ተነሣች። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። የፈነዳውን ጎማ አውጥቼ፣ መሐመድሰዒድ ሁልጊዜ ያደርግ እንደነበረው፣ መኪናዋ ብትወድቅ እንዲቀበላት ከሆዷ ሥር አጋድሜ አስገባሁት። «አያ፣ እጅዎን እንዳያስገቡ» አልኋቸው። «እሺ» አሉ። ተጠባባቂውን ስኮርታ ጎማ ላመጣ ዘወር ስል ግን ሳንቃው በአንድ በኩል ሲሰምጥ አዩና ሊያቃኑት ጎንበስ አሉ። ያኔ አንድ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ በአጠገባችን አለፈ።

ነፋሱ መኪናዋን አወዛወዛት፤ ክሪኩ ተንሸራተተ። መኪናዋ ወርዳ ያጋደምሁት ጎማ ላይ አረፈች። ያ ጎማ ባይኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከእስር ቤት ወይም ከልቅሶ ቤት ይሆን ነበር። ቢሆንም ክሪኩ አዘንብሎ ከመኪናዋ ሥር ስለተቀረቀረ፣ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች በክሪኩና በሳንቃው መካከል ተያዙ። አያ ገብረማርያም አንድ ጊዜ ብቻ ጮኹ። ሻሼን አውልቄ አስፋልቱ ላይ እያውለበለብሁ «የአላህ ያለህ፣ ሰው ተይዞብኛል!» ብዬ ለመንሁ፤ የሚያልፈው ሁሉ ጠመም ብሎ አለፈኝ። ወድቄ ይሁን ተንበርክኬ፣ ብቻ ከመኪናዋ አጠገብ ደርሼ ክሪኩን በሁለት እጄ ወደ ኋላ አዞርሁት። ሲላላ እጃቸውን ሳቡ።

ደማቸውን በሻሼ አሰርሁላቸው። «ይግቡ፣ ልውሰድዎ» ስላቸው «በምን? መኪናሽ ጎማ የላትም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ራሴን ሳልከናነብ ከደጅ መውጣት እንኳ የማልደፍር ሴት፣ ሻሽ የሌለው ራሴን ይዤ ክሪኩን በሳንቃው ሌላ ጫፍ ተከልሁ፣ ስኮርታውን አስገባሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ካርቶኖቹን ከፊት ወንበር አንሥቼ ከኋላ ወረወርሁና አያን አስቀመጥኋቸው። መሐመድሰዒድ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ከጎኔ ሰው ተቀመጠ። ትንሽ እንደሄድን «ሳንቃውን ጫንሽው?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ጭኜዋለሁ» አልኋቸው። «ደግ አደረግሽ፤ ክፍተት ካዩ ከብቶቹ ይወጣሉ።» ጤና ጣቢያ እስክንደርስ እያለቀስሁ ነዳሁ።

ጣቶቻቸውን ሰፉላቸው፤ አንዷ ግን አትታጠፍም፤ ከእንግዲህም ትታጠፋለች ያለኝ ሐኪም የለም። ሳንቃውን በማግስቱ ይዤ ስሄድ ባለቤታቸው እማማ ታይቱ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ይረግሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ተቀበሉኝና «ግቢ፣ ከመንገድ ነው የመጣሽው» አሉኝ። ያ ቃል ከየትኛውም እርግማን ይልቅ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ እነሱም ይጠብቁኛል። የሚጠብቀኝ ሰው ካጣሁ ቆይቼ ነበር።

እንግዲህ የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ሱቄን ለመክፈት ሁልጊዜ ጠዋት በመናኸሪያው በኩል ስለማልፍ፣ ከሰው ሁሉ በፊት የማየው የእርስዎን ፊት ሆኗል። ፎቶው ይነሣ አልልም፤ ደስ የሚል ፎቶ ነው፣ የኔን ጭቃ ጨምሮ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ልመናዬ ትንሽ ነው። ከሥሩ «ለአንዲት አሽከርካሪ በቦታው ተገኝተው ትምህርት ሲሰጡ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ «ከዚያም ሄዱ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይጨመሩልኝ። ቦታ ከጠበበ የኔን «አንዲት አሽከርካሪ» ማጥፋት ይቻላል። ያ ሌላ ክፍል የሚሉትም፣ ድጋፍ የሚሰጠው ማለቴ ነው፣ የት እንደሚገኝ ቢያመለክቱኝ ምስጋናዬ ለእሱም ይድረሰው፤ እኔ በዚህ ሜዳ ላይ ስመላለስ እስካሁን አላገኘሁትም።

መንገድዎ ሁሉ አስፋልት፣ ማረፊያዎ ሁሉ ጥላ ይሁንልዎ እያልሁ፣ ትምህርትዎን ጭቃ ላይ ቁጭ ብዬ የተማርሁ፣ ሲጠሩኝ «የገባት» መስዬ ለመታየት ሁልጊዜም ዝግጁ የሆንሁ፣

አክባሪዎ
ከውሰር አብዱልአሊም
ከወረታ፣ በኅዳር ወር

ማስታወሻ፦ የቁሐር ሚካኤል ሩዝ ደርሷል። አያ ገብረማርያም ማጭድ መጨበጥ ስላልቻሉ እማማ ታይቱ ብቻቸውን እያጨዱ ነው፤ እኔም ሱቄን እየዘጋሁ አግዛቸዋለሁ። በዚያ ሲያልፉ ቢቆሙ ደስ ይለናል። ማጭድ ከሌለዎ አውስዎታለሁ። አያያዙን ካላወቁበትም አይስጉ፤ መንገድ ዳር ቆሜ አላስተምርዎም፤ ማሳው ውስጥ ከጎንዎ ገብቼ አብሬዎ አጭዳለሁ።