ሃያ አራቱም ይሠሩ

እትዬ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን።

በስልክ «ሚስትህ ካረፈች ወዲህ ለማን ብለህ ነው ጥርስ የምታስተካክለው?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ይኸው አደረግሁት! ትንሿ ልጄ «ብቻዬን አላደርግም» ስላለች፣ ያንን እንደ መስታወት የጠራ የጥርስ ማስተካከያ አብሬያት አጠለቅሁ። ለእሷ ብዬ መስሎኝ ነበር፤ ራሴን ስመረምረው ግን ለራሴም ነው። በየሁለት ሳምንቱ በአዲስ ይቀየራል፤ የእኔ በጠቅላላው ሃያ አራት ነው። ለጸሎት ሳወልቀው ልጅቷ «አባዬ፣ እግዜር በፕላስቲክም ውስጥ ይሰማል» ትለኛለች።

ሐኪሟ ጥርስ ብቻ አይደለም የምታየው፤ ድዱንም ምላሱንም ታገላብጣለች። ባለፈው ቀጠሮ ከምላሴ ሥር ወር ሙሉ ያልሻረች ቁስል አግኝታ፣ ቅንጣት ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ሐሙስ ነው። ለማንኛውም ልጄን በየሳምንቱ እየደወልሽ ከራስሽ ጋር አላምጃት።

ሐኪሟ «ውጤቱ እስኪመጣ የቀሩትን ማስተካከያዎች ከማሠራት እንቆይ?» አለችኝ።

«ለምን ተብሎ? ሃያ አራቱም ይሠሩ!» አልኳት። ጮኬ ኖሯል፣ ልጅቷ ከበሩ ውጭ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ዓመት ሲሞላ በተስተካከለ ጥርስ እኔም እስቅብሻለሁ። እስከዚያ እሱ ባለቤቱ ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ