ጠረጴዛው የጠጣው ቡና

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የላክኸው የእጅ ቡና መፍጫም ደህና ነው።

ቃሉ የእኔ፣ ጽሕፈቱ የእህትህ ነው። ቀኝ እጄ ዕድሜ ልኩን የልብስ ስፌት መቀስ ሲይዝ ኖሮ፣ ከታመምኩ ወዲህ አልታዘዝ ብሎ ሳያስፈቅደኝ እረፍት ወጥቷል። መፍጫውን በጉልበቶቼ መሃል ጠፍንጌ ይዤ በግራዬ አዞራለሁ። እህትህ «እማዬ፣ የተፈጨ እንግዛ» ብትለኝ፣ «የተፈጨውን ስታገቢ ለባልሽ ግዢለት» አልኳት፤ ይህንንም ሳትወድ ጻፈችው።

ያስቸገረኝ የፈላውን ውሃ ስኒው አፍ ላይ በማስቀምጠው፣ ከመፍጫው ጋር በላክኸው የቡና ማጥለያ ወረቀት ላይ ማፍሰስ ነው፤ እስካሁን ከእኔ ይልቅ ጠረጴዛው ጠጥቷል። ዛሬ ግን ማንቆርቆሪያውን በቀኜ ይዤ ግማሹን ስኒው ውስጥ አስገባሁ።

ሥራህን ትተህ እንዳትመጣ። በእረፍትህ ስትመጣ ስኒህን በቀኜ እሞላልሃለሁ፤ ጠረጴዛው የራሱን ያፍላ።

ሰላም ሁንልኝ። ከታች ዶሮ የጫረችው የሚመስለው በቀኜ የፈረምኩት ፊርማዬ ነው፤ የእህትህ እጅ አልነካውም።

እናትህ