የመምህርት ዶችካ ካሬቫ የሕይወት ታሪክና በደጃፋቸው የቆመችው ቀጋ

መምህርት ዶችካ ካሬቫ ከአባታቸው ከአቶ ኔኖ ካሬቭና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስቶይና፣ በቡልጋሪያ የጽጌረዳ ሸለቆ ውስጥ በምትገኘው በማሌክ ካዛን መንደር፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1946 ተወለዱ። ወሩ የአበባ ለቀማ ወር ስለነበር እናታቸውን ምጥ የያዛቸው ማሳ ውስጥ ነው። ጽጌረዳ ፀሐይ ሳይመታት ካልተለቀመች ዘይቷ ይበናል። ስለዚህ አያታቸው "ልጄ፣ ትንሽ ቻይው፤ ይቺን መደዳ እንጨርስ" አሉ ይባላል። እናትየው አልቻሉትም። መደዳውም ሳይለቀም ቀረ። መምህርት ዶችካ የሰው ሥራ ያስፈቱት ያን ቀን ብቻ ነው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በካዛንላክ ከተማ ተከታትለው በ1968 በፕሎቭዲቭ በሥነ ሕይወት መምህርነት ተመረቁ። በዚያው መስከረም ወደ መንደራቸው ትምህርት ቤት ተመልሰው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2004 ድረስ አስተማሩ። መጽሐፉ ባቄላ ቢልም እሳቸው የሚያስተምሩት በጽጌረዳ ነበር።

የግንቦቱን የጽጌረዳ ትምህርት ሁልጊዜ "ጽጌረዳ እሾህ የላትም" ብለው ይጀምሩ ነበር። ጠዋት ለቀማ አርፍደው እጃቸው የተቧጨረ ልጆች ይስቃሉ። እሳቸው ሾል ያለውን ነገር በአውራ ጣታቸው ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይነሣል። "አያችሁ? ከቆዳዋ የበቀለ ነው። እውነተኛ እሾህ ቅርንጫፍ ነው፤ ሲነቀል ከእንጨቱ ጋር ነው የሚመጣው።" አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር "መምህርት፣ ጣቴ ግን ልዩነቱን አላወቀውም" የሚል ድምፅ መጣ። "ጣትህ ፈተና አይቀመጥም" አሉት፤ "የምትቀመጠው አንተ ነህ።"

ደራርባ የምታብበው የጓሮ ጽጌረዳ ትርፉን የአበባ ቅጠል ያመጣችው ወንዴ ክፍሎቿን ለውጣ እንደሆነ፣ ስለዚህም ማማሩን ታምራለች እንጂ እምብዛም እንደማታፈራ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። በመከር ከቀጋ የምንለቅመው ቀይ ፍሬም ያበጠ የአበባ መቀመጫ እንጂ ፍሬ አይደለም፤ እውነተኛዎቹ ፍሬዎች ዘር የምንላቸው፣ በውስጡ በጸጉር ተጠቅልለው ያሉት ጠንካራ ቅንጣቶች ናቸው። ያንን የሚያሳክክ ጸጉር ከጓደኛው አንገት ላይ ያልነሰነሰ የመንደራችን ሰው ዛሬ እዚህ ቆሞ ከሆነ እጁን ያውጣ።

በ1970 ከመንገድ ሥራ መኪና ሹፌሩ ከአቶ ሚንቾ ጋር ትዳር መሠረቱ። ልጅ አልወለዱም። በ1972 አቶ ሚንቾ ለሁለት ዓመት የመንገድ ሥራ ወደ ሊቢያ ሊሄዱ ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት በነሐሴ፣ ከደጃፋቸው ከነበረችው ቀጋ ሥር ተንበረከኩ፤ ግንዷን ዝቅ ብለው በቢላዋ ሰነጠቁና ከቢጫ የጓሮ ጽጌረዳ የቆረጧትን አንዲት ቡቃያ ከልጣጩ ሥር ሸጉጠው አሰሩ። የቀጋዋንም ቅርንጫፍ ከበላዩ ቆረጡት። "ይቺ ሁለት ጊዜ ሳታብብ መጣሁ" አሉ። መምህርት ዶችካ አመኑ።

ቡቃያዋ ያዘች። በ1973 ቢጫ አበበች። በ1974ም አበበች። ተከትሎ የመጣው ክረምት ግን በረዶው ክፉ ነበር፤ የተጣበቀችው ሞተችና በግንቦት ከሥሩ ሌላ ቀንበጥ ተነሣ፤ አበባው ሐምራዊ፣ የአበባው ቅጠል አምስት ብቻ። ከሊቢያ የሚመጣው የአቶ ሚንቾ ደብዳቤም በዚያው ክረምት ቆመ። ከዚያ የተመለሱ ሠራተኞች "ሚንቾ ደኅና ነው" ይሉና ወዲያው ስለ አየሩ ሙቀት ማውራት ይጀምሩ ነበር።

በዚህ ሸለቆ ቀጋን ከጽጌረዳ የማይለይ ሰው የለም። ቢሆንም አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ጎረቤታቸው እትዬ ትሶንካ በየማለዳው "እንዴት አደርሽ ዶችካ፤ የሚንቾ ጽጌረዳ ዘንድሮ አማረባት!" ይላሉ። "እግዜር ይስጥልን" ይላሉ መምህርት። መንደሩ በሙሉ ጨዋነት መስሎት በአንድ አፍ ዋሸ።

በግንቦት 1978 ስለ ጽጌረዳ ዓይነቶች ሲያስተምሩ ቬሊካ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

"መምህርት፣ በደጅዎ ያለችው አበባዋ አምስት ቅጠል ነው። በአንዱ የቅጠል ዘንግ ላይ ሰባት ትንንሽ ቅጠል አለ። እሾኋ... ይቅርታ፣ እሾህ የምንለው ነገር ቆልማማ ነው። በዓመት አንዴ ብቻ ታብባለች። ቀጋ አይደለችም እንዴ?"

አንዱ "አንቺ፣ ዝም አትይም!" ብሎ በክርኑ ጎሸማት።

"ተዋት" አሉ መምህርት ዶችካ። "ከሥር የተነሣ ቀንበጥ ምን ይደረጋል?"

"ይቆረጣል።"

"ካልተቆረጠስ?"

"የተጣበቀችውን ምግብ ይቀማታል።"

"የተጣበቀችው ሞታ ከሆነስ?"

"እንግዲያማ ያለችው እሷ ብቻ ናት።"

"ስድስት! ተቀመጪ" አሉ። በእኛ ትምህርት ቤት ከስድስት በላይ ውጤት የለም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መቁረጫ ይዘው ወደ ደጃፋቸው ሲወጡ መንደሩ ከየአጥሩ ጀርባ አየ። ቆሙ፤ ቆዩ። ከዚያ መቁረጫውን አስቀምጠው ውኃ አመጡ።

ቢጫዋ ጽጌረዳ በዘመኗ አንድ ፍሬ አልሰጠችም። ከቀጋዋ ግን በየመከሩ የመንደሩ ሰው ሁሉ ለሻይ፣ ለማርማላታ ለቀመ። ብዙዎቻችሁን በክረምት ከሳል ያዳነቻችሁ እሷ ናት።

በጥቅምት 1999 አቶ ሚንቾ ለወንድማቸው ቀብር መጡ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ከደጃፉ ቆመው ቀይ ፍሬ የሞላባትን ቀጋ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ዶችካ! ያዘች እኮ! እጄን አየሽው?"

"የያዘው ሥሩ ነው፣ ሚንቾ። ያንተዋ በሦስተኛው ክረምት ሞተች።"

"ታዲያ ለምን አልቆረጥሻትም?"

"ከማን ጋር ልጠብቅ?"

ለአቶ ሚንቾ አንድ ጠርሙስ ማርማላታ ተሰጣቸው፤ ታቅፈውት በከሰዓቱ አውቶቡስ ሄዱ። እትዬ ትሶንካ ከአጥሩ ማዶ "ግባ እንኳ አትይውም?" ሲሉ "ልግባ አላለም" ብለው መለሱላቸው።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ብለን ነበር። አላበቃም። መምህርት ዶችካ ከዚያም በኋላ አውቶቡሱ በሚመጣበት ሰዓት ወደ መንገዱ ቀና ማለታቸውን አልተዉም። የናፈቃቸው ማርማላታ ታቅፎ የሄደው ሽማግሌ አልነበረም፤ በነሐሴ ቢላዋ ይዞ የተንበረከከው ጎልማሳ ነበር። እሱን ደግሞ የሚያመጣ አውቶቡስ የለም።

መምህርት ዶችካ ከ2019 ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2021 በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ መስኮታቸው ወደ ደጃፉ ተከፍቶ ዐረፉ። እኅታቸውን ወይዘሮ ጊናን፣ የእኅታቸውን ልጆችና በየቦታው ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተዋል። ዛሬ በእሳቸው ክፍል የምታስተምረው ቬሊካ ይህን ጽሑፍ አስቀድማ አንብባ ሁለት ስሕተት አርማለች።

የተቆረጠ አበባ ከመቃብራቸው እንዳይቀመጥ፣ በምትኩ ከደጃፋቸው የተለቀመ አንድ እፍኝ የቀጋ ፍሬ ከአፈሩ ጋር እንዲደባለቅ አደራ ብለዋል፤ አሁን ይፈጸማል። የቀጋ ዘር ግን ብርድ ሳያይ አይነቃም፤ አብዛኛው አንዱን ክረምት ተኝቶ ያልፋል፣ ሁለተኛውንም ይተኛል። ስለዚህ ለአርባቸው የስንዴ ንፍሮ ይዛችሁ ስትመጡ፣ ለሙት ዓመታቸውም ስትመጡ፣ ባዶ አፈር ብታዩ "ሞቷል" ብላችሁ እንዳትቆፍሩት። እሳቸው ከዚያ የበለጠ ጠብቀዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ፀሐይ ሳይመታት እንደተለቀመች አበባ፣ መዓዛዋ ሳይጎድል ይቀበልልን። ጠባቂም አያሳጣቸው።