የጥር ዝናብ

ነቀምቴ፣ ጥር 14 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዛሬ የቄስ ገመቹን የስልክ መስመር በገዛ እጄ ከደኅንነት ሰዎች ስልክ ጋር አጣመርኩት። ትእዛዙን ያመጣው አለቃችን ነው። "ሌላ ሰው እንዲሰማ አድርጊ፣ እሳቸው ግን እንዳይነቁ" አለኝ። አንድ መስመር ለሁለት ሲከፈል ድምፅ እንደሚደክም እሱ አያውቅም። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ስልክ ሳገናኝ የኖርኩ ሴት አውቃለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቄሱ ጊምቢ ካለው ልጃቸው ጋር እንዳገናኛቸው ደወሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በማን ቤት እንደሚጸልዩ የሚነጋገሩት በዚሁ ስልክ ነው።

"ኢንተለ ኮ፣ ድምፅሽ ምነው ራቀብኝ?" አሉ። ሁልጊዜ እንደ ልጃቸው ነው የሚጠሩኝ።

አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። "ዝናቡ ነው፣ አባቴ።"

"እውነትሽን ነው፣ ከባድ ዝናብ ነው። ልጄን ተይው፣ ሲያባራ እደውላለሁ" ብለው ዘጉ።

ገብቷቸዋል! ብቻዬን ሳቅሁ። ደደብ ነኝ። እኛን የሚሰማውን ሦስተኛ ጆሮ ራሴ ገጥሜ ራሴ ረሳሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቃችን መጥቶ አጠገቤ ቆመ። መስኮቱን ከፍቶ ሰማዩን ለረጅም ጊዜ አየ። ቅንጣት ደመና አልነበረም። ነገ ጠዋት ደኅንነቶቹ ዘንድ እንደምፈለግ ነገረኝ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ፣

"ጃንጥላሽን እንዳትረሺ" አለኝ።